ፈረሶቹ የት ይክረሙ?

ግንቦት 26፣ ሰኞ

ይህ ደብተር የደንበኞቼ ልክ መያዣ ነው። ከፊት በኩል የሰው ወገብ፣ ደረትና የእጅጌ ቁመት አለበት። እኔ ከኋላ ጀምሬ እጽፋለሁ፤ መሀል ላይ ስንገናኝ ሌላ እገዛለሁ።

ዛሬ ልጃችን አባቷን ወደ ከተማ ወሰደችው። ከሁለት ሳምንት በፊት ከድርቆሹ ክምር ላይ ተንሸራቶ ዳሌው ተሰበረ፣ ብረት ገባለት፣ ሐኪሞቹ ደግሞ ሦስት ወር ከሆስፒታሉ እንዳይርቅ አሉ። ክረምቱን በሙሉ እሷ ዘንድ ነው ማለት ነው። መኪናው ውስጥ አስገብተን ትራሱን ስናስተካክልለት በመስኮቱ አንገቱን አወጣና፣ "እንደ ሁልጊዜው ውጭ ይክረሙ። አደራሽን እንዳታስገቢያቸው" አለኝ። እኔን "ደህና ሁኚ" ማለቱን ረስቶ ሄደ።

ሦስት ናቸው። ዳማ ባዝራዋ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ በእጁ የተወለደች፣ የእሱ እስትንፋስ። ቦራ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት፣ ሰነፍና ሆዳም። ቡላ የአራት ዓመት ጎረምሳ፣ የገዛ ጅራቱ የሚያስደነግጠው። ቅዳሜና እሑድ ግልቢያ የምናስተምረው በእነሱ ነው፤ በክረምት ትምህርት የለም። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ፈረስ የእሱ፣ መርፌ የእኔ። ሃያ ሰባት ዓመት የኖርነው በዚህ ነው።

የማንስማማበት ነገር አንድ ነው፤ እሱም በየክረምቱ ይመጣል። እኔ ይግቡ እላለሁ፣ እሱ ይውጡ ይላል። ጋጣ አለን እኮ! ለታመመና ለምትወልድ ብቻ ነው ይላል። ሃያ ሰባት ክረምት በማድቤቱ መስኮት ለነፋስ ጀርባቸውን ሰጥተው ሲቆሙ አየሁ። ለምን ስለው፣ "ፈረስ የውጭ እንስሳ ነው።" ለምን ብዬ ስደግም፣ "አንቺ ስለ ጨርቅ እንጂ ስለ ፈረስ ምን ታውቂያለሽ?" በዚያው ያበቃል። ሰው ፊት ሳይቀር ብሎኛል።

ግንቦት 29፣ ሐሙስ

ደመና። ድርቆሹን ሸፈንኩ። ሠላሳ ሁለት የተማሪ ሱሪ ለሰኞ ይፈለጋል፣ የተቆረጠው ስምንት። ቤቱ ጭር ብሏል። ራዲዮ ከፍቼ ሰፋሁ።

ሰኔ 1፣ ቅዳሜ

ክረምቱ ዛሬ ገባ፤ ያውም አኩርፎ ነው የገባው። ጠዋት ነፋስ፣ ከሰዓት ዝናብ፣ ከዝናቡ ጋር በረዶ።

እንዳላይ መጋረጃውን ዘጋሁ። አልቻልኩም። የእሱን ካፖርት በሁለት ሹራብ ላይ ደርቤ ወጣሁ። ቦራና ቡላ አጥሩ ጥግ ተጠጋግተዋል። ዳማ ለብቻዋ መሀል ሜዳ ላይ ቆማ ውሃው ከሆዷ ሥር እንደ ቧንቧ ይወርዳል። ቀና ብላ አየችኝ። አንጀቴን በላችው። እኔ በዚያ ሁሉ ልብስ ውስጥ ጥርሴ ይንገጫገጫል፤ እሷ ራቁቷን ናት።

ከጋማዋ ሥር እጄን ባስገባ ይሞቃል። ትኩሳት ሳይሆን አይቀርም ብዬ ደነገጥኩ።

ከዚያ በኋላ አላሰብኩበትም። ገመድ አምጥቼ አንድ በአንድ አስገባኋቸው። ዳማ በሩ ላይ ስትደርስ አራት እግሯን ተክላ እምቢ አለች። ሳብኳት፣ ለመንኳት፣ ኋላ በትከሻዬ ገፋኋት። እንስሳ የሚጠቅመውን መቼ ያውቃል? ገብታም ፊቷን ወደ በሩ አዙራ ቆመች።

ይኸው አሁን ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድባል፣ እኔ ግን በሃያ ሰባት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ዝናብ ሲዘንብ ልቤ አርፏል።

ሰኔ 3፣ ሰኞ

ሱሪዎቹን ለነገ አስተላለፍኳቸው። ዛሬ የሰፋሁት ለፈረሶቹ ነው።

ጋጣውን እሱ ራሱ ነው የሠራው፣ አናጢ ሳይቀጥር፤ ያስታውቃል። አራት መስኮት አለው፣ አንዱም መዝጊያ የለውም። ከክፍክፉ ሥር ደግሞ ግድግዳውና ጣሪያው ሳይገናኙ ዙሪያውን አንድ ስንዝር ክፍት ነው። ያን ሁሉ ዓመት ሳይጨርስ ትቶት! ነፋሱ በአንዱ ገብቶ በሌላው ይወጣል፤ እንዲህ ከሆነ ማስገባቱስ ምን ዋጋ አለው?

ለድንኳን ሥራ የተረፈኝ ወፍራም ሸራ ነበረ። መስኮቶቹን ለክቼ፣ ድርብ አድርጌ፣ ጠርዙን ሁለት ጊዜ በሰም ክር ሰፋሁት። በቀጭን ጣውላ ደግፌ በምስማር መታሁት። ከክፍክፉ ሥር ያለውን ክፍተት በጆንያ ጠቀጠቅኩት። ስጨርስ ሻማ ለኩሼ በየጥጉ ዞርኩ። ነበልባሉ ንቅንቅ አላለም። እንዲህ ያለ ሥራ ሰርቼ አላውቅም፣ ለሰውም ቢሆን።

ከአሮጌ ብርድ ልብሶች ደግሞ ለሦስቱም ልባስ ቆረጥኩላቸው። ልካቸውን ከፊት በኩል ከደንበኞቼ ቀጥሎ ጻፍኩት። የዳማ ደረት ከባለወፍጮው ሚስት ብዙም አይበልጥም። ይህን ለማንም አልናገርም።

ሰኔ 4፣ ማክሰኞ

ማታ ማታ ይደውላል። ዛሬ ያስፈራኝ ጥያቄ የመጀመሪያው ሆነ።

"እንዴት ናቸው?"

"ደህና ናቸው።"

"ውጭ ናቸው?"

"ታዲያ የት ይሆናሉ?" አልኩት። አልዋሸሁም እኮ፤ ጠየቅኩት እንጂ። ስመለስ እነግረዋለሁ። ማለቴ ሲመለስ።

ሰኔ 9፣ እሑድ

ጋጣው እንዴት እንደሚሞቅ! በሩን ስከፍት ሙቀቱ ፊቴን ይለኛል። እርጥቡን ጉዝጓዝ አልጠርገውም፣ ደረቅ ጭድ ከላዩ እጨምርበታለሁ፤ ከሥር እየሞቀ ይሄዳል። በእኛ ቤት እንኳን እንዲህ የሞቀ ክፍል የለም።

አንድ ችግር ብቻ አለ። ግድግዳው በውስጥ በኩል ያልበዋል፣ ከጣሪያውም ውሃ ጠብ ጠብ ይላል። አንድ ቦታ ያፈሳል ማለት ነው። መሰላል አቁሜ ፈልጌ ፈልጌ ቀዳዳውን አጣሁት። ለማንኛውም ጆንያ ጨመርኩ፣ የበሩንም ሥር በጨርቅ ዘጋሁ።

ከሰዓት በኋላ የእጅ ስፌቴን ይዤ እዚያው በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። እቤት ከሆንኩ ሰዓቱ አይሄድልኝም። እዚያ ቢያንስ የሚያኝክ አለ። ሳንጎራጉር ቡላ ጆሮውን ያዞራል። ለነገሩ ላያቸው ስል ነው እንጂ ብቸኝነት ምናምን አይደለም።

ሰኔ 13፣ ሐሙስ

ዓይኔ ያቃጥለኛል፣ ያለቅሳል። ስፌት አበዛሁ። መነጽሬን ማስቀየር አለብኝ።

ዳማ ዛሬ ሁለቴ ሳለች። ገለባ ጉሮሮዋ ገብቶ ይሆናል።

ሰኔ 14፣ ዓርብ

አራቴ።

ሰኔ 19፣ ረቡዕ

ባለወፍጮው የሚስቱን ቀሚስ ሊወስድ መጥቶ ጋጣ ውስጥ አገኘኝ። በሩን ከፍቶ አንድ እግሩን አስገባና መልሶ አወጣው። አፍንጫውን በክንዱ ሸፍኖ፣ "እትዬ፣ እዚህ ውስጥ እንዴት ይቀመጣል? ዓይን ያጠፋል እኮ!" አለኝ።

"ጋሼ፣ የፈረስ ቤት የፈረስ ሽታ ቢሸት ምን ይገርማል?"

"ፈረስማ አውቃለሁ። ይሄ ሌላ ነው።"

ዱቄት ሲተነፍስ የኖረ ሰው ስለ ሽታ ሊያስተምረኝ! ቀሚሱን ሰጥቼ ሸኘሁት። አጥሩ ጋ ሲደርስ ለሚያልፍ ሰው፣ "ባልየው የለም፣ ሴትዮዋ ፈረሶቹን አፍናቸዋለች" ሲል ጆሮዬ ገባ። ድምፁን ዝቅ ያደረገ መስሎታል፤ ወፍጮ ቤት የኖረ ሰው ቀስ ብሎ መናገር አይችልም።

ቂሙ አልወጣልኝም። እስከ አሁን እየመለስኩለት ነው፣ በልቤ።

ሰኔ 25፣ ማክሰኞ

ዳማ ጠዋት ብቻ ዘጠኝ ጊዜ ሳለች። ቆጠርኩ። ብርድ መትቷታል፤ ሌላ ምን ይሆናል? በዚያ በመጀመሪያው ዝናብ ቀን አንድ ሰዓት ቀደም ብዬ አስገብቻት ቢሆን ኖሮ! ራሴን የምወቅሰው በዚያች አንድ ሰዓት ነው።

ሁለተኛ ልባስ ደረብኩላት። ድርቆሹንም ከፊቷ አራግፌ በተንኩላት፣ አቧራው እስኪጨስ፤ ቦራም ማስነጠስ ጀመረ። አየኸው? ሁሉንም ብርድ እየመታቸው ነው።

ስልኩ ላይ፣ "ድምፅሽ ምን ሆኗል?" አለኝ። ጉንፋን ነው አልኩት። "አንቺም ከነሱ ጋር ውጭ አደርሽ እንዴ?" ብሎ ሳቀ። ከታመመ ወዲህ ሲስቅ የሰማሁት ዛሬ ነው። ታዲያ በምን አፌ ልንገረው?

ሐምሌ 2፣ ማክሰኞ

ዛሬ የሠራሁትን እጽፈዋለሁ፤ ለማንም ስለማልናገረው ቢያንስ እዚህ ይሁን።

ሲደውል ጋጣ ውስጥ ነበርኩ። "ዳማ አጠገብሽ ናት?" አለኝ። አዎ አልኩ። "ስልኩን አፍንጫዋ ጋ አድርጊልኝ፣ ትንፋሿን ልስማው። እዚህ አልጋ ላይ ሌላ የሚናፍቀኝ የለም።" ሌላ የሚናፍቀው የለም። እሺ።

ዳማ በዚያች ሰዓት አንገቷን ዘርግታ፣ የአፍንጫዋ ቀዳዳ እንደ ቀለበት ተከፍቶ፣ ጎኗ ከሥር እየተጎተተ ነበር የምትተነፍሰው። ስልኩን ይዤ ቆምኩ። ከዚያ ሁለት እርምጃ ሄድኩና ቦራ አፍንጫ ላይ አደረግኩት። ቦራ ሞኙ ፍርር አለበት።

ወዲያ ማዶ አልጋው ሲንቋቋ ሰማሁ። "እሺ" አለ። "እሺ። ደህና ነች።" ከዚያ ሰላም ሳይለኝ ዘጋው።

ደክሞት ነው።

ሐምሌ 5፣ ዓርብ

ድርቆሽ አልጨረሰችም። በደቂቃ ሃያ ስምንት ጊዜ ትተነፍሳለች፤ ቦራ አሥራ አራት። ወረዳው የእንስሳት ሐኪም ጋ ደወልኩ። ነገ ትመጣለች።

ሐምሌ 6፣ ቅዳሜ

ሐኪሟ መጣች። የልጄ እኩያ ናት፣ ጭቃ የሞላው ቦቲ አድርጋለች፣ ስትገባ "እማማ" አለችኝ። ገና ሃምሳ አራት ዓመቴ ነው።

ገባች፣ ቆመች፣ አሳላት። መሣሪያዋን ከቦርሳዋ እንኳን ሳታወጣ ቀና ብላ መስኮቶቹን አየች። ከዚያ ጆንያዎቹን። ከዚያ ጉዝጓዙን በቦቲዋ ጫር አደረገችው፤ ከሥሩ የወጣው ሽታ እኔንም ወደ ኋላ መለሰኝ።

"ስንት ጊዜ ሆናቸው እዚህ?"

"ትንሽ ጊዜ።"

ዳማን ረጅም ሰዓት አዳመጠቻት። ውጭ ወጥተን ነገረችኝ። ብርድ አይደለም። ብርድ ሆኖም አያውቅም። ከሽንቱ የሚወጣው ሽታና የድርቆሹ አቧራ መውጫ አጥቶ ሳንባዋን አቁስሎታል። "ፈረስ ምድጃው ሆዱ ውስጥ ነው፣ እማማ። ድርቆሽ ካገኘና ነፋስ የሚከልለው ካለ ብርዱን ይችለዋል። አየር ከተዘጋበት ግን ያልቃል። ያ ከጣሪያው የሚንጠባጠበውም የራሳቸው ትንፋሽ ነው።"

እኔ ጆንያ የጠቀጠቅኩት በትንፋሻቸው ላይ ነው።

"ሁለቱ ይድናሉ" አለች። "እሷ ከእንግዲህ እንደ ድሮዋ አትሆንም። እንዳይብስባት ነው የምንታገለው። ትውጣ።" ከዚያ ልባሱን ገልጣ ፀጉሯን በጣቷ ለካችና ፊቷ ተለወጠ። ልባስ ስለለበሰች የክረምት ፀጉሯ አልወጣም። ውጭ የሚከርሙ ፈረሶች በዚህ ጊዜ እንደ ድብ ፀጉራም ናቸው አለች፤ ዳማ እንደ በጋው ልሙጥ ናት። "አሁን በዚህ ዝናብ ዝም ብላችሁ ብታስወጧት ደግሞ..." ብላ አልጨረሰችውም።

ውስጥ ብትቆይ ትታፈናለች፤ ውጭ የሚያለብሳትን እኔ አስቀርቼባታለሁ።

ልትሄድ ስትል ሸራውን በእጇ ዳሰሰችው። "ሥራው ግን የሚገርም ነው። ማነው የሰፋው?"

አፌ ቀደመኝ። "ባለቤቴ አሠርቶት ነው የሄደው" አልኳት።

እንዴት ወጣ ከአፌ? ሐኪሟ ራሷን ነቀነቀች፣ "ወንዶቹ ናቸው ሁልጊዜ" አለች። ዓይኔን በጨው አጥቤ አብሬያት ራሴን ነቀነቅኩ።

ሐምሌ 8፣ ሰኞ

ሁለት ቀን ሙሉ አንዱን መስኮት ልክፈት ሁለቱን ስል ቆየሁ። ዛሬ አራቱንም አወረድኳቸው። መቅደድ ነበረብኝ፤ እኔ ግን ተቀምጬ ስፌቱን በመርፌ ፈታሁት፣ አንድ በአንድ፣ ሸራው እንዳይበላሽ። ዳማ ከኋላዬ እየሳለች። ሁለተኛው መስኮት ላይ ስደርስ ምን እየሠራሁ እንደሆነ ገባኝና መቀሱን አነሳሁ።

ጆንያዎቹን አወጣሁ። ሠላሳ አምስት ቀን።

ጉዝጓዙን እስከ ወለሉ ጠረግኩ። አምስት ሳምንት የተጠራቀመ። ጀርባዬ ተቆረጠ፤ ይበለኝ።

ሐምሌ 11፣ ሐሙስ

ቀን ውጭ፣ ማታ ውስጥ። ልባስ አውልቄ ስትንቀጠቀጥ መልሼ አለበስኳት። አለበስኳት፣ አላባት። አወለቅኩት። ዘነበ። አስገባኋት። ሳለች፤ አስወጣኋት። ዛሬ በሩ ላይ ስድስት ጊዜ ተመላልሰናል። መጨረሻ ላይ እሷ ራሷ ደክሟት ደፍ ላይ ቆመች፣ ግማሿ ውስጥ ግማሿ ውጭ። ሳያት ሳቄ መጣ፣ ከዚያ ማልቀስ ጀመርኩ።

ለእሱ ደውዬ ልጠይቀው ስልኩን አነሳሁ። እሱ ያውቃል። ሠላሳ ዓመት ፈረስ የያዘ ሰው ነው፣ አንድ ነገር ይለኛል። ግን መጀመሪያ የሚለውን ደግሞ አውቀዋለሁ። ስልኩን አስቀመጥኩት።

ሐምሌ 15፣ ሰኞ

የበረዶ ዝናብ። ፈርቼ አስገባኋት፣ "ለዛሬ ብቻ" ብዬ። የላይኛውን የበሩን ክፋይ ዘጋሁት፤ እሱንም ለዛሬ ብቻ።

ሐምሌ 16፣ ማክሰኞ

ክፉኛ ታፈነች። ጠዋት ስከፍት ጉልበቷ እየተንቀጠቀጠ ነው፣ ከንፈሯ ሰማያዊ፣ ጎኗ እንደ ወናፍ። ሐኪሟ መርፌ ወጋቻት። አልተቆጣችኝም። "እማማ፣ ግማሽ ግማሽ አይሆንም። ወይ ይወስኑ ወይ ይሸኟት" አለችኝ።

መሸኘት ማለት ምን ማለት እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

ሐምሌ 20፣ ቅዳሜ

ወሰንኩ። ውጭ ትክረማለች።

በነፋሱ በኩል በሦስት ጎን የተከለለ፣ ፊቱ ክፍት የሆነ መጠለያ አቆምን። ባለወፍጮው መጥቶ ምሰሶ ተከለልኝ፤ ሳልጠራው፣ ስለዚያ ቀን አንድም ቃል ሳያነሳ። እኔም ይቅርታ አልጠየቅኩትም፣ ግን የኮቱን ኪስ ሰፋሁለት። የመስኮቶቹ ሸራ ለጣሪያው ሆነ። ውሃ የማያሳልፍ ቀለል ያለ ልባስ ሰፋሁላት፣ አንገቷና ሆዷ ሥር አየር የሚያስገባ። ድርቆሹን በበርሜል ውሃ ነክሬ ነው የምሰጣት፣ አቧራው እንዳይነሳ። ቦራና ቡላን ስለቅቃቸው ቡላ ሜዳውን ሦስቴ ዞረው፣ ቦራ እንኳን ሮጠ። ከዚያ ሁለቱም ጭቃ ውስጥ ተንከባለሉ። እንዲያ ሲደሰቱ አይቻቸው አላውቅም። ጋጣ ውስጥ ዝም ያሉት ተመችቷቸው መስሎኝ ነበር።

ባዶው ጋጣ ውስጥ ትንሽ ተቀመጥኩ። እውነቱን ልጻፈው፦ የበረደኝ እኔን ነበር። እዚያ ቤት ብቻዬን ሆኜ የበረደኝ እኔን ነበር፣ ያለበስኩት ግን እነሱን ነው።

ሐምሌ 28፣ እሑድ

የዳማ ትንፋሽ በደቂቃ ሃያ ሁለት። በአንድ ሰዓት አሥራ ስድስት ጊዜ ትስላለች። ትበላለች። ተመስገን።

በስልክ ስለ አየሩ፣ ስለ እግሩ፣ ስለ ልጃችን ምግብ አወራን። ስለ ፈረሶቹ አልጠየቀኝም። ትናንትም አልጠየቀኝም። መቼ ነው መጠየቅ ያቆመው? ወደ ኋላ ገልጬ አየሁ። ከዚያ ከቦራ ቀን ወዲህ አንድም ቀን አልጠየቀኝም።

ነሐሴ 1፣ ረቡዕ

ልጄ ደወለች። "አባዬ አልቀመጥም ብሏል፣ ሐኪሙም በክራንች ይሂድ ብሎታል፤ እሑድ አመጣዋለሁ።"

ጉድ ፈላ።

ነሐሴ 3፣ ዓርብ

ምስማሮቹን ነቀልኩ። ቀዳዳቸውን በሳሙና ደፈንኩ። ግድግዳውን አጠብኩ። ልባሶቹን የሳጥኑ ሥር ከተትኩ። ከደብተሩ ፊት ያለውን የፈረሶቹን ልክ ልቀድ ያዝኩና ሌላ ሦስት ደንበኛ አብሮ ሊሄድ ሆነ፤ ተውኩት። የምለውን አዘጋጅቻለሁ፦ በሐምሌ ትንሽ ብርድ መታት፣ ሐኪም አየቻት፣ ተሽሏታል። አጭር ነው። መስታወት ፊት ስለው ያስኬዳል።

ነሐሴ 5፣ እሑድ

መጣ። ከስቷል፣ ፂሙ ነጥቷል። ቤት አልገባም። በሁለት ክራንች ጭቃውን እየሰነጠቀ በቀጥታ ወደ መጠለያው ሄደ፤ እኔና ልጄ ከኋላ ከኋላው። ዳማ ገና ሳያያት ድምፁን ሰምታ መጣች። በደረቷ ገፋችው፣ ሊወድቅ ነበር።

ጉንጯን አልዳሰሰም፣ ስሟን አልጠራም። ልባሱን ገለጠና እጁን ከጎኗ ላይ አሳረፈ። ከጎድኗ ሥር ወደ ኋላ በኩል አንድ ቦይ ወጥቶባታል፤ ያን ቦይ በጣቱ እስከ መጨረሻው ተከተለው። በኋላ እንደነገረኝ ፈረስ አየር ለማስወጣት ሲታገል የሆዱ ጡንቻ የሚሠራው ነው፤ በአንድ ቀን አይወጣም።

ያዘጋጀሁትን ልጀምር አፌን ከፈትኩ። "በሐምሌ ትንሽ ብርድ..."

"ስንት ቀን ዘጋሽባት?" አለኝ፣ ሳያየኝ።

ልጄ እኔን አየች፣ እሱን አየች፣ ሻንጣ ላውርድ ብላ ሄደች።

"ሠላሳ አምስት" አልኩት። ከዚያ ሌላውም ተከተለ፤ ሸራው፣ ጆንያው፣ ጉዝጓዙ፣ ልባሱ፣ ለሐኪሟ እሱ ነው ያሠራው ማለቴ። ቦራንም ነገርኩት።

"ቦራን አውቄዋለሁ" አለ። "እኔ ቦራና ዳማን በትንፋሽ አልለይም? አንቺ ትነግሪኛለሽ ብዬ ስጠብቅ ነበር። ማታ ማታ ስልኩን ይዤ ዛሬ ትነግረኛለች እላለሁ። አሁን እየሳለች ነው፣ አሁንም እየሳለች ነው እያልኩ አድራለሁ።"

"ታዲያ ለምን አልጠየቅከኝም?"

"አንቺስ ለምን አልጠየቅሽኝም?"

ይህን ጊዜ ሆዴ ውስጥ የከረመው ሁሉ ወጣ። ጮህኩበት፣ በሽተኛ መሆኑን ረስቼ። "ብጠይቅህ ምን ልትለኝ ነው? 'አንቺ ስለ ጨርቅ እንጂ ስለ ፈረስ ምን ታውቂያለሽ' ልትለኝ አይደል? ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ለምን ስልህ አንድ ቀን ምክንያቱን ነግረኸኛል? ያ ከክፍክፉ ሥር ያለው መተንፈሻ እንደሆነ ነግረኸኛል? ሳትጨርሰው የቀረ መስሎኝ እኮ ነው የዘጋሁት!"

ክራንቹ ላይ ተደገፈ። ዳማ ሳለች፤ ሁለታችንም እስክትጨርስ ጠበቅናት።

"እልሽ ነበር" አለኝ። "እሱን እልሽ ነበር፣ አልዋሽሽም። ከሱ ቀጥዬ ግን የላዩን መተንፈሻ ክፈቺው እልሽ ነበር።"

በየማታው ደውሎልኛል። አንድ ቀን አላጓደለም። የእኔ ስድብ መፍራት፣ የእሱ ዝም ማለት፣ የሁለቱንም ዋጋ የከፈለችው ዳማ ናት።

ነሐሴ 6፣ ሰኞ

ልጄ ጠዋት ሄደች። እሱ እስከ መጠለያው ደግሞ መሄድ አልቻለም፤ እግሩ አብጦበታል። ማድቤቱ መስኮት ጋ ወንበር አስቀመጥኩለት፣ እግሩን በትራስ ደግፌ። አላናገረኝም፣ ግን ትራሱን ሳስተካክል እጄን አልገፋም።

ወጥቼ ከዳማ ጋር አንድ ሰዓት ቆምኩ። ነፋስ ነበር። የተነከረውን ድርቆሽ ሰጠኋት፣ ልባሷን አየሁ፣ ቆጠርኩ።

ስመለስ ፊቱን ከመስኮቱ ሳያዞር፣ "ስንት ሳለች?" አለኝ።

"አሥራ ሁለት" ልለው ነበር። አሥራ ሁለት ምላሴ ላይ ነበረች።

"አሥራ ዘጠኝ" አልኩት። "ትናንት በዚህ ሰዓት አሥራ ሰባት ነበረ።"

ራሱን ነቀነቀ። ደስ የሚል ቁጥር አይደለም፣ ሁለታችንም እናውቃለን። ካፖርቱን ከትከሻዬ አውርጄ በሩ ላይ ሰቀልኩት።

"ከሰዓትም ቁጠሪና ንገሪኝ" አለኝ።